ተዘቅዝቀው የኖሩት ፊቶች

ከሳጥኑ አንድ ፊት ጠፍቷል።

የሥነ ልቦናው ፕሮፌሰር አብዱልፈታህ ሦስት ጊዜ ቆጠሩ። ሠላሳ ዘጠኝ። ቁጥር አሥራ ሰባት የለም። ሰኞ የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ሳጥኑን ሊረከብ ነው፤ አንድ ፎቶ ከጎደለ አይቀበልም። የዕድሜ ልክ ሥራቸው ደግሞ ያ ሳጥን ነው።

ፎቶዎቹን ያነሱት በ1988 ነበር፤ ልደታ በጭቃ ቤትና በጋራ ቧንቧ ወረፋ ስትደምቅ። አንጎል ፊትን እንዴት እንደሚያይ ለማጥናት የጎረቤቶቻቸውን ፎቶ እየዘቀዘቁ ለተማሪዎች ያሳዩ ነበር። ፊት ሲዘቀዘቅ ሰው እናቱንም ለመለየት ይቸገራል። በዚህ ጥናት ሦስት አገር ዞሩ፣ ማዕረግ አገኙ። ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲበቅልበት ጎረቤቶቹ ቁጥር ሆነው ሳጥን ውስጥ ቀሩ።

ሳጅን ሚደቅሳ መጥቶ በሩን መረመረ። አልተሰበረም። ፕሮፌሰሩ የቀድሞ ተማሪያቸውን ሱፍያንን ጠረጠሩ፤ ሳጥኑን ለምኖ ተከልክሏል፣ ትናንትም መጥቶ ነበር። ሳጅኑ ግን፣ ሱፍያን ቢሆን አርባውንም ጠራርጎ ይወስድ ነበር አለ።

«ሲያስቀምጧቸው እንዴት አድርገው ነው?»

«ዘቅዝቄ። ካነሳኋቸው ጀምሮ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ።»

«እኔ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ግን እነዚህ ቀጥ ብለው ነው የቆሙት።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩ። እውነቱን ነው።

«ሌባዎ የሚያውቀውን ፊት ሲፈልግ ነበር» አለ ሳጅኑ። «ቁልፍ ማን ጋ አለ?»

እዚያው ኮንዶሚኒየም፣ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ፣ ትርፍ ቁልፍ የተዉላት ጎረቤታቸው ቀመሪያ ጋ።

ቀመሪያ በሩን ከፈተች። አልካደችም። ቁጥር አሥራ ሰባት ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅላለች።

«እናቴ ናት» አለች። «ቤታችን ሲፈርስ ፎቶዋ ሁሉ ጠፋ። አምና ስለምንዎት፣ ጋሼ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ ‹ሳጥኑ አይነካም› አሉኝ።»

«ሌሎቹን ለምን አቀናሻቸው?» አለ ሳጅኑ።

«ተዘቅዝቀው እናቴን መለየት አቃተኝ። አንድ በአንድ አቀናኋቸው። ካገኘኋት በኋላ መልሼ ልዘቀዝቃቸው ስል እጄ እምቢ አለኝ። እነ ጋሽ ወልደ ሚካኤልን፣ እነ እትዬ ሎሚን በአናታቸው ላቁማቸው?»

ፕሮፌሰሩ ፎቶውን አዩ። ከዚያ ቀመሪያን። ያው አገጭ፣ ያው የግራ ቅንድብ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደረጃው ላይ ሰላም ብላቸዋለች።

ሳጅኑ ክስ ይመሠርቱ እንደሆነ ጠየቃቸው። ፕሮፌሰሩ ወርደው ሳጥኑን አቀፉ። እሑድን በየብሎኩና እስከ አብነት ሰፈር ድረስ የድሮ ጎረቤቶቻቸውን በር ሲያንኳኩ ዋሉ።

ሰኞ የሙዚየሙ ሠራተኛ ሳጥኑን ከፈተ። ባዶ ነው። ፊቶቹ የት እንደሄዱ ጠየቀ።

«ቤታቸው ገብተዋል» አሉ ፕሮፌሰሩ።