ማግኔቱ ያልያዘው ላሜራ

ኢንስፔክተሯ ጋራዡ ስትደርስ አስከሬኑ ከወደቀችበት መኪና ሥር ወጥቶ በሸራ ተሸፍኖ አገኘችው። ይህ ብቻውን ቆሽቷን አሳረረው። ቀድመዋት የደረሱት ፖሊሶች መኪናዋን አንስተው፣ ሟቹን ጎትተው፣ ወለሉን በጫማቸው አተራምሰው፣ ጥፋተኛውንም ጭምር ይዘው ጠበቋት። ለእሷ የቀራት መፈረም ብቻ ነበር።

ሟቹ የጋራዡ ባለቤት ናቸው። ሰው ሁሉ የሚጠራቸው «ጋሼ ማግኔት» እያለ ነው፤ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት ከኪሳቸው ጠፍታ አታውቅም። የተጠገነ መኪና አጠገብ ከደረሱ ማግኔቷን ጎኑ ላይ ሳያስጠጉ አያልፉም። ከያዘች ከቀለሙ ሥር ብረት አለ። ካልያዘች ግን ዝገቱ ሳይቆረጥ፣ እንደ ሊጥ ተለውሶ በሚደርቀው ስቱኮ ተደፍኗል ማለት ነው። አንድ ጊዜ የሙሽሮችን መኪና ፈትሸው ከሙሽራው አባት ጋር ተኳርፈዋል ይባላል።

የወደቀችባቸው ሰማያዊ መኪና የአንዲት መምህርት ናት። ከበሮቹ ሥር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚዘልቀው ላሜራ መሐሉ ተቆርጦ አፉን ከፍቷል። ፖሊሶቹ እንደነገሯት ከሆነ ጋሼ ማግኔት ከሥር ተኝተው ያንን ላሜራ በማሽን ሲቆርጡ መኪናዋን ከፍ አድርጎ የያዘው ክሪክ ተንሸራተተ። ክሪክ ብቻውን አይታመንምና አጠገቡ የሚቆም የብረት እግር አለ፤ እሱ ግን አልገባም ነበር። መኪናዋን ያነሳው የጋራዡ በያጅ ነው። በያጁም አምኗል።

በያጁ ከበሩ አጠገብ እጁ በካቴና ታስሮ ባዶ ጣሳ ላይ ተቀምጧል።

«እግሩን ረስቼው ነው» አላት፣ ገና ሳትጠይቀው። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

«መርሳትህን ታስታውሳለህ?»

«አላስታውስም። ግን ስመለስ ግድግዳው ጋ ቆሞ አየሁት። አስገብቼው ቢሆን እዚያ ምን ያደርጋል?»

«እስቲ ደህና አድርገህ አስብ።»

«አስቤ አስቤ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው። በየቀኑ የማደርገውን ነገር ዛሬ ማድረግ አለማድረጌን በምን ልለየው? ሚስቴ መውለጃዋ ደርሷል፣ ሐሳቤ እሷ ጋ ነበር።» የታሰሩ እጆቹን አየ። «ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እስር ቤቱ አይደለም ያስጨነቀኝ። በእነዚህ እጆች ልጄን እንዴት ነው የማቅፈው?»

መልስ ልትሰጠው ስትል ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነበር።

«ሰውየው አመነ አይደል? ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ማመኑ ነው እኮ ያስቸገረኝ። አንድም ነገር ሳያስታውስ ነው የሚያምነው።»

«በቸልተኝነት ሰው መግደል ብለሽ ዛሬውኑ ዝጊው» ብሎ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋ። መሥሪያ ቤት ውስጥ «እንቅፋት» የሚሏት፣ ሊዘጋ የደረሰ መዝገብ ሁሉ እሷ ጋ ሲደርስ ስለሚደናቀፍ ነው። ስሙን ያወጣላት ራሱ አለቃዋ ነው።

ሸራውን ገለጠች። የሟቹ ቀኝ እጅ እንደተጨበጠ ነው።

«ምን ይዘው ነው?»

«ቁራጭ ብረት ይመስለኛል» አለ አጠገቧ የቆመው ፖሊስ ትከሻውን እየሰበቀ።

ጣቶቹን በቀስታ ፈለቀቀች። ቁራጭ ብረት አልነበረም፤ ማግኔቷ ናት። ጨርቋ ወልቋል፣ እሷ ግን እንደተወለወለ ማንኪያ ንጹሕ ናት። ኢንስፔክተሯ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላ ያዘቻት።

የጋሼ ማግኔት ባለቤት በትንሿ ቢሮ ውስጥ፣ ባላቸው ወንበር ላይ ሳይሆን ከጎኑ ተቀምጠዋል። ከራስጌያቸው ምስማር ላይ ወፍራም መነጽር ተንጠልጥሏል።

«የሳቸው ነው?»

«የሱ ነው። ብልጭታ አንድ ዓይኑን ከጎዳበት ወዲህ እሱን ሳያደርግ ማሽን ነክቶ አያውቅም።»

«ጠዋት ምን ይሉ ነበር?»

«ቁርሱን ትቶ ተነሳ። ‹ያቺ የመምህርቷ መኪና በሩ ለምን እንደወረደ ማየት አለብኝ› አለ። ምነው ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። አምና እሱ ታሞ ሳለ ከኛ ጋራዥ የወጣች ታክሲ ጎኗን ተመትታ አንዲት ተሳፋሪ ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ታክሲዋ እንደ ካርቶን ነው የታጠፈችው። አብሮት የሚሠራው ወንድሙ የታክሲዋን ላሜራ ቆርጬ ቀይሬዋለሁ ብሎ ማለለት፣ አመነው።»

መምህርቷ ደጅ ቆማ መኪናዋን ሳይሆን መሬቱን ታያለች። «መጀመሪያ ያመጣኋት አምና ነበር፤ ላሜራው በስብሶ» አለች። «አዲስ ተበየደለት ተባልኩ። ዘንድሮ በሩ አልዘጋ ሲለኝ መልሼ አመጣኋት። ባላመጣት ኖሮ...»

«ያኔ ማን ሠራልሽ?»

«ጋሼ ታመው ተኝተው ነበር። ያስረከበኝ ወንድማቸው ነው። ቀለሙማ ፊት ያሳይ ነበር።»

ወንድማቸው የጋራዡ ቀለም ቀቢ ነው። ዓይኖቹ በልቅሶ አብጠዋል።

«ወንድም ጋሼን ስንቴ ለመንኩት፣ በክሪክ ብቻ አትግባ እያልኩ። እልኸኛ ነው፣ መቼ ይሰማኛል።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ቀለም ክፍል። ማሽኑ ሲጮህ ይሰማኝ ነበር። ድንገት ዝም አለ፣ ወዲያው ጓ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስደርስ አልቆለታል።»

«ሌላ ሰው አልነበረም?»

«ማንም። በያጁ የብየዳ ኦክስጅን ሊያስሞላ ወጥቶ ነበር።»

«የተቆረጠው ቁራጭስ የታለ?»

«እኔ በምን አውቃለሁ እትዬ? ወንድሜ ሞቶብኝ ቁራጭ ልፈልግ?»

መኪናዋን ዞረቻት፣ ደግማ ዞረቻት። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነባት። ሰማያዊው በር ነጭ ዱቄት ለብሷል። በሩ ግርጌ ላይ ብቻ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል፣ ሁለት ጣት የሚያህል ንጹሕ መስመር አለ። በመስመሩ ጫፍ፣ በሩ መጋጠሚያ ውስጥ፣ ጠርዙ የተቃጠለ ትንሽ የወረቀት ፕላስተር ተጣብቆ ቀርቷል። ወደ በያጁ ተመለሰች።

«ላሜራ ስትቆርጡ የበሩን ቀለም በምን ትሸፍኑታላችሁ?»

«በእርጥብ ጆንያ። እኔም፣ ጋሼም።»

«በወረቀት ፕላስተርስ?»

«እሱ የቀለም ቀቢ ነው። ብልጭታ ያቃጥለዋል፣ ለኛ ምን ይሠራልናል?»

ከግድግዳው ሥር ወደተደረደሩት የብረት እግሮች ሄዳ አጎነበሰች። ከዚያ መኪናዋ ሥር ገባች። ስትወጣ ልብሷ በግራሶ ጨቅይቷል፤ ፊቷ ግን ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈትቶ ነበር። ለአለቃዋ ደውላ ሁሉንም መኪናዋ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

አለቃዋ እየተነጫነጨ ደረሰ። «አደራሽን፣ አሳጥሪው።»

«ከማግኔቷ ልጀምር» አለች። «ጋሼ ላሜራ ሲቆርጡ ሞቱ ተባልን። የመቁረጫ ማሽን ሁለት እጅ ይፈልጋል። በአንዱ እጃቸው ማግኔት ጨብጠው እንዴት ቆረጡ? ሲቆርጡ ውለው ቢሆን ማግኔቷ የብረት ብናኝ ጺም ታበቅል ነበር፤ ንጹሕ ናት። መነጽራቸው ደግሞ ከምስማሩ አልወረደም። እየፈተሹ ነበር እንጂ እየቆረጡ አልነበረም። ታዲያ ማሽኑ ሲጮህ ሰማሁ ያለን ሰው ምን ሰማ?»

ቀለም ቀቢው «በድንጋጤ ተምታቶብኝ ይሆናል» አለ።

«ይሆናል። ላሜራው ግን ተቆርጧል። እሳቸው ካልቆረጡት ከሞቱ በኋላ ነው የተቆረጠው። ለምን? በሩ ላይ ያለውን ዱቄት እዩት። ብረት ሲቆረጥ ነጭ ዱቄት አይወጣም፤ ይህ ስቱኮ ነው።» ማግኔቷን ሳይቆረጥ በቀረው የላሜራ ጫፍ ላይ አስጠግታ ለቀቀቻት። ማግኔቷ ወለሉ ላይ ወደቀች። «አምና አዲስ ብረት ተበየደለት የተባለው ይህ ነው። ጋሼ ዛሬ ያገኙት ይህንኑ ነው። የዚህችን መኪና ስቱኮ ያየ ሰው የታክሲዋንም ነገር ይገምታል።»

የሟቹ ባለቤት ቀስ ብለው ወደ ባላቸው ወንድም ዞሩ።

«ስቱኮውን ቆርጦ የወሰደው ሰው ማን እንደሆነ የነገረኝ በሩ ነው» ቀጠለች። «በያጅ ቢሆን በጆንያ ይሸፍን ነበር። ይህ ሰው ግን ቀለሙ እንዳይነካ ፕላስተር ለጠፈ። ሲጨርስ ላጠው፣ ዱቄቱም አብሮት ተነሳ፤ መስመሩ ቀረ። የለመደ እጅ ነው፣ ያን ሰዓት እንኳ አላረፈም።»

ቀለም ክፍሉን እንዲፈትሽ የላከችው ፖሊስ የተቆረጠውን ቁራጭ በጋዜጣ እንደተጠቀለለ ይዞ መጣ። ከጣሳዎቹ ኋላ ነበር።

«ወንድምህ ከሥር ተኝቶ» አሉ ሴትዮዋ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «አንተ ለበር ቀለም አዘንክ?»

አለቃዋ ግን ገና አልተዋጠለትም። «እሺ፣ ጉዱን ለመደበቅ ቆረጠ እንበል። መኪናዋ በራሷ ወድቃ ቢሆንስ? እግሩ አልገባም፤ ልጁ ራሱ አምኗል።»

ኢንስፔክተሯ ከግድግዳው ሥር አንዱን የብረት እግር አንስታ በያጁ ፊት አቆመችው። «ሌሎቹ ራሳቸው ላይ አቧራ ተኝቷል። የዚህ ራስ ግን ዝገት እንዳይበላው ከመኪና ሆድ ሥር የሚቀባው ጥቁር ቅብ አለበት፤ ንኩት፣ አልደረቀም። ከመኪናዋ ሥር ደግሞ ልክ የዚህ ራስ ቅርጽ ተቧጥጧል። ገብቶ ነበር። አንድ ሰው አውጥቶ ክሪኩን ለቀቀው፤ ከዚያም እንደ ቀለም ጣሳዎቹ አስተካክሎ ከመሰሎቹ ጋር አሰለፈው።»

ቀለም ቀቢው ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ፖሊስ ዘንድ እሄዳለሁ አለኝ» አለ። «ወንድምህ ነኝ እኮ አልኩት። ‹ያቺ ተሳፋሪም የሰው ልጅ ነበረች› አለኝ፣ ከሥር ሆኖ፣ ፊቱን እንኳ ሳያሳየኝ።»

ከዚያ በኋላ የተናገረውን ብዙዎቹ አልሰሙም። አለቃዋ የበያጁን ካቴና እንዲፈቱ አዘዘ። «እንቅፋት» ብሎ ሊጠራት ጀምሮ ስሙን ዋጠው።

በያጁ እጁ መፈታቱን ያወቀ አይመስልም። ወደ ገዳዩም አላየም። ተንበርክኮ የብረት እግሩን ራስ በጣቱ ነካ፣ ጣቱ ጠቆረ። ጥቁሩን ጣት እያየ ቆየ።

«አስገብቼው ነበር?» አለ።

«አስገብተኸው ነበር» አለችው። «ሂድ፣ ሚስትህ ትጠብቅሃለች።»