የሁለት ኮምፒዩተር አንድ ምልክት

እሱ ቃል ቆጣቢ፣ ሲጠየቅ እንኳ መልሱን ከሩቅ አገር የሚያስመጣ የሚመስል ሰው ነበር፤ እሷ ደግሞ ያሰበችው ከአፏ ቀድሞ ፊቷ ላይ የሚነበብ፣ ስትስቅ ጎረቤት ቢሮ የምታስደነግጥ። እሱ ፕሮግራም ይጽፋል፤ እሷ የጻፈውን እየፈተሸች ስሕተቱን ታወጣለች። እንዲያም ሆኖ ይዋደዱ ነበር፤ እሑድ ለእናቷና ለታላቅ ወንድሟ ስለ እሱ ልትነግራቸው ቆርጣለች።

ያን ሰሞን የሚሠሩት ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገለገሉበትን፣ ላይብረሪ የሚባል የተዘጋጀ ኮድ ነበር፤ ለሚመዘገበው ነገር ሁሉ የማይደገም መለያ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ የወጣበትን ኮምፒዩተር ምልክት በሆዱ ይይዛልና፣ ማንበብ ለሚችል ሰው ምንጩን አይደብቅም። እሷ ማንበብ ትችላለች፤ ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ነው።

ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ሎጋ የሚሏት አዲሷ ባልደረባ ትናንት ከቤቷ ሆና የላከችውን ሥራ እሷ ስትፈትሽ፣ በየቁጥሩ ውስጥ የእሱን ኮምፒዩተር ምልክት አየች። ደሟ ፈላ። ኮምፒዩተሩን ከጉያው የማይለይ ሰው! ታዲያ ሎጋ በእሱ ኮምፒዩተር የሠራችው የት ተቀምጣ ነው? ከቢሮው የመስታወት ግድግዳ ወዲያ ሎጋ ፀጉሯን እያሰረች ስትስቅ፣ ሳቁ ራሱ ከእሷ የተሰረቀ መሰላት።

ጠረጴዛው ፊት ሄዳ ተገተረች።

«ትናንት ከማን ጋር ነበርክ?»

«ከሥራዬ ጋር።»

«ሥራህ ፀጉሯ ረጅም ነው? ይኸው የሎጋ ቁጥሮች፤ ምልክቱ ያንተ ነው!»

ስክሪኑን አየ፤ ከዚያም ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ወይኔ! አዲሱን ኮምፒዩተሯን ከባዶ ከማስተካክለው ብዬ የኔ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንዳለ ገለበጥኩላት። ላይብረሪው ምልክቱን ፋይል ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ እሱም አብሮ ሄዷል!»

አላመነችም። ሎጋን ከነኮምፒዩተሯ ጠርታ ሁለቱን ጎን ለጎን አስነሳቻቸው፤ ከሁለቱም አንድ ዓይነት ምልክት ወጣ። ሎጋ ነገሩ ሲገባት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«እህቴ፣ እሱን ከምሰርቅሽ ግድግዳውን ብሰርቅ ይሻለኛል፤ ግድግዳ እንኳ ያስተጋባል!»

ሎጋ ከሄደች በኋላ ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም። ላይብረሪው ከእንግዲህ ፋይሉን ከማመኑ በፊት ምልክቱን ከራሱ ከኮምፒዩተሩ እንዲያጣራ አብረው አረሙት።

«ለምን ቀድመሽ አልጠየቅሽኝም?» አለ በመጨረሻ።

«ትመልስ ይመስል!»

እንደ ጥፋተኛ ሰው አንገቱን ደፋ።

«እሑድ እኔም ልምጣ» አላት። «ስለ እኔ ከምትነግሪያቸው እኔው ልናገር።»

«ምን ብለህ?»

«እንደምንጋባ። አንቺ እሺ ካልሽ።»

ያቺ ለፍላፊ፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ፣ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

እሑድ ዕለት ወንድሟ እጆቹን አጣምሮ፣ እናቷ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው ተቀመጡ። ልትጀምር ስትል ቀደማት።

«እማማ፣ ልጅዎን ላገባት ወስኛለሁ፤ እሷም ፈቅዳለች።»

«ቅናቷን ታውቀዋለህ?» አለ ወንድሟ።

«በዓይኔ አይቼዋለሁ። የጠየቀችኝን ሁሉ እመልስላታለሁ።»

እናቷ ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺስ፣ ልጄ? ጠይቀሽ ጨርሰሻል?»

«አልጨረስኩም፣ እማዬ» አለች። «ለዚህ እኮ ነው የማገባው።»