ወደ ትሪየስቴ የሚሄድ ሰው

መኪና አይዋኝም። ቶንካ ለደንበኞቿ የምታስረዳው በዚህች አንዲት ቃል ነበር።

ሰዎች ከጣሊያን፣ ከኦስትሪያ፣ ከጀርመን መኪና ተከራይተው የባሕሩን ዳር ይዘው እስከ ወደብ ከተማዋ ስፕሊት ይወርዳሉ። ስፕሊት ሲደርሱ መኪናውን ትተው መርከብ ይሳፈራሉ። የውጭ አገር ሰሌዳ ያለውን መኪና ደግሞ ለአገሬው ሰው ማከራየት ክልክል ነው፤ ወደ መጣበት መመለስ አለበት። ሊመልሰው ሹፌር ይላካል። ሹፌሩ በአውቶቡስ ይመጣል፣ ነዳጅ ይሞላል፣ የመንገድ ቀረጥ ይከፍላል፣ ቀኑ በመንገድ ያልቃል። ያ ሁሉ የሚወድቀው መኪናውን ትቶ በሄደው ሰው ላይ ነው።

ስለዚህ ወደቡ አጠገብ ካለችው ጠባብ የመኪና አከራይ ቢሮ ጩኸት አይጠፋም ነበር።

«ኪራዩ ሁለት መቶ ዩሮ፣ መመለሻው ስድስት መቶ! ይሄ በቀን ብርሃን መዝረፍ ነው!»

ቶንካ አትቆጣም። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ሰውየው ሲደክመው በመስኮቱ ወደ ባሕሩ ታሳየዋለች።

«ጌታዬ፣ እርስዎ መርከብ ይገባሉ። መኪናው ግን አይዋኝም። አንድ ሰው ከቤቱ ተነሥቶ መጥቶ ሊወስደው ነው።»

የሚስቅ ስቆ ይከፍላል። የማይስቅም ይከፍላል።

ሌላም ችሎታ ነበራት። በር ገፍቶ የገባውን ሁሉ፣ ገና ሳይቀመጥ፣ «ወዴት ነዎት?» ትለዋለች። ጣሊያን የሚሄድ ካገኘች ከጣሊያን መጥቶ የቀረውን መኪና ትሰጠዋለች። ያ ሰው የመመለሻ አይከፍልም፤ መኪናውም አገሩ ይገባል። በባሕሩ ዳር ካሉ ቢሮዎች እንደ እሷ አድርጎ መንገደኛና መኪና የሚያገናኝ አልነበረም።

የቢሮው ባለቤት በመርከብ ላይ ያረጀ ሰው ነው። አገሩ ሁሉ ባርባ ፍራኔ ይለዋል፤ አጎቴ ፍራኔ እንደማለት ነው።

«ይቺ ልጅ ያገሩን መኪና ሁሉ ዳረች» ይላል። «የራሷን ነገር ብቻ ረሳች።»

ሊቪዮ የመጣው በመከር ነው። ከጣሊያኗ ከተማ ከትሪየስቴ የሚላክ ሹፌር ነበር፤ መኪና መላሽ። ቶንካ ቢሮ ልትከፍት ስትደርስ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ረጅም ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ጃኬቱን አጥፎ ጉልበቱ ላይ አድርጓል።

«ግራጫውን ልወስድ ነው የመጣሁት» አላት። እናቱ የዚያ አካባቢ ደሴት ልጅ ናት። ቋንቋውን ያውቃል፤ ቃናው ግን የሩቅ ነው።

ቁልፉን ሰጠችውና በመስኮት ታየው ጀመር። ሌሎቹ ሹፌሮች ቁልፍ ተቀብለው ይበራሉ። እሱ መኪናውን ዞረው። ጎማውን በእጁ ተጫነ። ከወንበሩ ሥር የሕፃን ጫማ አወጣ፤ አንድ እግር። ይዞት ገባ።

«ይሄ ባለቤት አለው። አድራሻቸው ይኖርዎታል?»

«ለአንድ እግር ጫማ?»

«ሌላኛው እኮ እነሱ ጋ ነው።»

ቶንካ አድራሻውን ፈለገችለት። ከዚያ ወጥቶ መስተዋቱን በጨርቅ ይወለውል ጀመር። በሩ ላይ ቆመች።

«አሁን ማን ሊያየው ነው የሚደክሙት? ቤቱ ሊገባ እኮ ነው!»

«ቤቱ ስለሚገባ ነው» አላት፤ ቀና ሳይል። «ከሰው አገር የተመለሰ ቆሽሾ አይግባ።»

ያን ቀን ቶንካ ሁለት ደንበኛ ላይ ተሳሳተች። ባርባ ፍራኔ በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አያት።

ከዚያ ወዲያ የትሪየስቴ መኪና በቀረ ቁጥር ሊቪዮ መጣ። አውቶቡሱ ማለዳ ይደርሳል፤ ቢሮው እስኪከፈት አንድ ሰዓት አለው። እሷም ቀድማ መምጣት ለመደች። ለምን ቀደምሽ ብሎ አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ዳቦና የተጠበሰ ሰርዲን ይበላሉ። እሱ ትሪየስቴ ካለው የእናቱ ጓሮ መራራ ቀይ ሰላጣ ያመጣል፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ።

«ሰው አበባ ያመጣል» አለችው አንድ ቀን። «አንተ ጎመን ተሸክመህ አገር ታቋርጣለህ።»

«አበባ አይበላም።»

«መረረኝ እኮ!»

«ሁለተኛው ጉርሻ ላይ አይመርም።»

ሁለተኛውን ጎረሰች። መረራት፤ ግን አልተናገረችም። «እርስዎ» መባባላቸው የቀረው ያን ጠዋት እንደሆነ ያወቁት በኋላ ነው።

አንድ ቀን በሚያዝያ፣ ሊሄድ ሞተር አስነሥቶ መልሶ አጠፋው። ከመኪናው ወረደ። የደቡብ ነፋስ እየነፈሰ ነበር፤ ባሕሩ ደፍርሷል፣ ሰማዩ ዝቅ ብሏል፣ የሰው ሁሉ ራስ ከብዶታል።

«ቶንካ፣ የምነግርሽ ነገር ነበረኝ።»

ልቧ ዘለለ። በዚያ አገር ግን በደቡብ ነፋስ ቀን ቁም ነገር አይወሰንም። ቤት አይገዛም፣ ሽማግሌ አይላክም። ድሮ ዳኛ እንኳ አይፈርድም ነበር ይባላል። ቶንካም ደነገጠችና የአገሯን ልማድ ጋሻ አደረገችው።

«ነፋሱን አታይም እንዴ? ዛሬ የተነገረ አይጸናም። በሚቀጥለው ስትመጣ።»

«በሚቀጥለው ስመጣ» አለና ሄደ።

በጸጸት ጣቷን ልትነክስ ምንም አልቀራትም።

በግንቦት ባርባ ፍራኔ ከትሪየስቴው ቢሮ ስልክ ተቀብሎ ሲያበቃ መነጽሩን አወለቀ።

«ሹፌር መላክ ሊቀር ነው። ከሰኔ ጀምሮ የቀሩትን መኪኖች በአንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጭነው ይወስዳሉ። ርካሽ ነው አሉ። የተረፈውን ደግሞ ቶንካ መንገደኛ ትፈልግለታለች አሉ። አመስግነውሻል።»

«ሊቪዮስ?»

«ያች ነጯ መኪና አለች አይደል? እሷን ሐሙስ ሊወስድ ይመጣል። የመጨረሻው ነው።»

ቶንካ ነጯን መኪና አየቻት። ዘንባባው ሥር ቆማለች። ሐሙስ ሦስት ቀን ቀርቶታል። በዚያ ሦስት ቀን፣ በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የገባውን ሰው ሁሉ «ወዴት ነዎት?» ማለት ተወች።

ረቡዕ የደቡብ ነፋስ እንደገና ተነሣ። ባርባ ፍራኔ ራሱን አሞት ቤቱ ቀረ። እኩለ ቀን ላይ አንድ ሽማግሌ በሩን ገፍተው ገቡ። ሸሚዛቸው በላብ ተጣብቋል።

«የኔ ልጅ፣ ባለቤቴ አንዱ ደሴት ላይ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። በጀሶ ታስሯል። አውቶቡስ ላይ እግሯን የምትዘረጋበት የለም። መኪና ብንል ደግሞ የመመለሻው ዋጋ...» ከንፈራቸውን መጠጡ። «ሦስት ቢሮ ዞርኩ። አንዱ ሰባት መቶ አለኝ። ጡረተኛ ነኝ።»

ቶንካ ሳትጠይቃቸው ነገሯት።

«ወደ ትሪየስቴ ነን።»

በመስኮቱ አሻግራ አየች። አሮጊቷ ሻንጣ ላይ ተቀምጠዋል፤ የታሰረው እግራቸው ወደ ፊት ተዘርግቷል። በስተኋላቸው ነጯ መኪና ቆማለች።

«ተይዟል» ብትል ውሸት አይደለም፤ ለሊቪዮ ተይዟል። የሚያውቅባት የለም፤ ባርባ ፍራኔም የለም። ነገ ጠዋት ደረጃው ላይ ይቀመጣል። የሚላትን ይላታል። ከዚያ በኋላ ሹፌር የለም፣ አውቶቡስ የለም፣ ሰላጣ የለም።

ሽማግሌው ዝምታዋን እንደ እምቢታ ቆጠሩት። «ግድ የለም፣ ይቅርታ» ብለው ዞሩ። ጀርባቸው ሲጎብጥ አየችው።

ከሰው አገር የተመለሰ ቆሽሾ አይግባ። የማን ቃል እንደሆነ ታውቃለች።

«አባባ» አለች። «መኪና አለ። የመመለሻ ክፍያ የለውም። ወደ አገሩ ነው የሚሄደው።»

አሮጊቷን ራሷ ደግፋ የኋላው ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ከእግራቸው ሥር የራሷን ሹራብ አነጠፈች። መስተዋቱን በጨርቅ ወለወለችው። ነጯ መኪና መታጠፊያው ላይ እስክትሰወር ቆማ ሸኘቻት።

ከዚያ ስልክ ደወለች።

«ሊቪዮ፣ አትምጣ። መኪናዋ ሄደች።»

ከወዲያ ወንበር ሲገፋ ተሰማ።

«ማን ወሰዳት?»

«ሽማግሌና ባለቤታቸው። የአሮጊቷ እግር ተሰብሮ።»

«የፊት ወንበሯ ወደ ኋላ በደንብ አይሸሽም።»

«ከኋላ ነው ያስቀመጥኳቸው።»

«ጥሩ አድርገሻል» አለ። «ማታ ሲደርሱ እኔው እቀበላቸዋለሁ።»

ደህና ሁኚ ብሎ ዘጋው። ቶንካ ስልኩን ይዛ ቀረች። ጥሩ አድርገሻል! ሰው እንዲህ ተብሎ ይሰናበታል? እስከ ማታ ድረስ በልቧ ሰደበችው፤ ስድቡ ሁሉ ግን መጨረሻው አንድ ነበር፤ ማንም እንደሱ መስተዋት አይወለውልም።

ሐሙስ ንጋት ላይ ነፋሱ ዞረ። ከተራራው ደረቅ የሰሜን ነፋስ ወርዶ ሰማዩን አጠበው፤ ማዶ ያሉት ደሴቶች በእጅ የሚነኩ መሰሉ። ቶንካ በልማዷ አንድ ሰዓት ቀድማ መጣች። ቀድሜ ምን ልሠራ ነው እያለች መጣች።

ሊቪዮ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ጃኬቱ ጉልበቱ ላይ ነው። አጠገቡ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አለ።

«መኪናዋ ሄዳለች አላልኩህም?»

«ብለሽኛል።»

«አትምጣ አላልኩህም?»

«እሱንም ብለሽኛል።»

«ታዲያ ምን ልትወስድ መጣህ?»

«የምወስደው የለኝም» አለ። «ለዚህ ነው የመጣሁት። እስከ ዛሬ በመጣሁ ቁጥር ቁልፍ እቀበልና እሄዳለሁ። ቁልፍ የሌለበት ቀን ነበር የሚያስፈልገኝ።»

ቶንካ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ ቢሮ ነበርኩ» አላት። «መኪናዋን እኔ ነኝ የተረከብኩት። ሹራብሽን አገኘሁ።» ከጃኬቱ ሥር አወጣው፤ ተጣጥፏል። «መስተዋቷ ተወልውሏል። ከብዙ አገር መኪና መልሻለሁ ቶንካ። የኔን እንጀራ ቆርጦ እንዲህ ልቤን ያሞቀ ሰው አላየሁም። ያንን አይቼ ማታውኑ አውቶቡስ ገባሁ።»

«እኔ ጨክነህ ተሰናበትከኝ ብዬ...»

«በስልክ የሚነገር አልነበረም።»

ቀና ብሎ ሰማዩን፣ ከዚያም ጠርቶ የተኛውን ባሕር አየ።

«ዛሬ ነፋሱ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አለች። «ዛሬ የተነገረ ይጸናል።»

ነገራት። ምን እንዳላት ሁለቱ ያውቃሉ። ረጅም አልነበረም፤ እሱ ረጅም ነገር አይናገርም። እሷም ሁለተኛ እስኪላት ሳትጠብቅ እሺ አለችው።

ባርባ ፍራኔ ከዘራውን እየመታ ሲደርስ አንድ ሹራብ ለሁለት ደርበው፣ ያን መራራ ሰላጣ ሲበሉ አገኛቸው።

«ምንድን ነው ይሄ? መኪናዋ የታለች?»

«ወደ ትሪየስቴ የሚሄድ ሰው አገኘሁላት፣ ባርባ።»

«በደቡብ ነፋስ ወሰንሽ?»

«ወሰንኩ።»

ባርባ ፍራኔ ሊቪዮን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ሊስቅ ፈለገና ጢሙን አሻሸ።

«እና ይሄኛው? ከትሪየስቴ መጥቶ እዚህ የቀረው? መመለሻውን ማን ሊከፍል ነው?»

ቶንካ አፏን ጠርጋ ተነሣች። ቢሮውን ከፈተች። ከውስጥ፣ ለደንበኛ በምታስረዳበት በዚያ የረጋ ድምፅ መለሰች።

«ደንቡን ያውቁት የለም እንዴ፣ ባርባ? ወደዚያ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ይቆያላ!»

ይሄ ከሆነ ቆየ። ባርባ ፍራኔ አሁን ደረጃውን መውጣት ይከብደዋል፤ መኪኖቹን የሚያዘጋጀው ሊቪዮ ነው። ደንበኛ ሳይረከብ መስተዋት ይወለወላል፣ ከወንበር ሥር የተረሳ ነገር ለባለቤቱ ይላካል። የሊቪዮ እናት በየፋሲካው ሰላጣ ይዛ ትመጣለች። ቶንካም ከበር የገባውን ሁሉ እንደ ድሮዋ «ወዴት ነዎት?» ትላለች። ትሪየስቴ የሚል ሲመጣ ባርባ ፍራኔ ከወንበሩ ሆኖ አንገቱን ያሰግጋል።

«ቶንካ! ትሪየስቴ አለ! ያንን ሰውዬ አስረክቢና እንረፍ!»

እሷ የመኪና ቁልፍ ታነሣለች። ለመንገደኛው ትሰጠዋለች። ሊቪዮ ከውጭ፣ ጨርቁን በእጁ እንደያዘ፣ በመስኮት ያያታል።

«ለሱ የሚሆን መንገደኛ ገና አልመጣም» ትላለች።