ከሞቱ በኋላ የታመመው ፋይል

እስቲ ንገሩኝ፤ ፋይል በትክክል አልጫን ስላለው ከሦስተኛ ፎቅ የሚዘል ሰው አይታችኋል? የደሴቲቱ ዋና ከተማ የኑኩአሎፋ ፖሊስ ይህንኑ ሊጽፍ ተዘጋጅቶ ነበር። የስኳር በሽታ ጥናት ባለሙያው ሰሚሲ ጠዋት ከቢሮው በረንዳ ሥር ሞቶ ተገኘ። እናቱ ሜሌ አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ «ልጄን ራሱን ገደለ ብላችሁ አትቅበሩብኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም።

ኢንስፔክተር ላቪኒያ ሬሳው ሲነሣ ጎንበስ ብላ መሬቱን ዳሰሰች። ከትናንት ማታ ጀምሮ በወረደው ዝናብ ግቢው ጨቅይቷል፤ ሰሚሲ የወደቀበት ግን ደረቅ ነው። ከዚያም ወደ ፎቅ ወጥታ ሦስቱን የሥራ ባልደረቦቹን ጠየቀች።

መረጃ አስገቢዋ ፋታይ ዐይኗ አብጧል። «እኔን ትቶ ሌላ ሊያገባ ነበር። ለሠርጉ ድግስ የሚጠበሰው አሳማ እንዲያርርበት ጸልያለሁ፤ እሱ እንዲሞት ግን አይደለም።»

አለቃቸው ዶክተር ሜረዲት አንገቷን ደፋች። «በጥናቱ ላይ ስሙ ከስሜ ቀድሞ ሊወጣ ነበር። ቀንቻለሁ፤ አልዋሽም።»

አብሮ አደጉ ማናሴ ግን ረጋ ብሏል። «ምስኪን። ትናንት ፀሐይ ሳትጠልቅ ደወለልኝ። የሕመምተኞቹ ስም ያለበትን ፋይል ፕሮግራሙ ላይ ሲጭነው ግማሹ ሰው ጠፋበት። ‹ኦክላንድ ጉባኤ ላይ ጥናቱን ለማቅረብ በምን ፊቴ እቆማለሁ› አለኝ።»

«አንተስ አልቀናህበትም?» አለችው ላቪኒያ።

«በምኑ? ሰው ቆጥሮ መጨረስ ባቃተው?»

ላቪኒያ ሦስቱንም እናቱንም ኮምፒውተሩ ፊት ሰበሰበች።

«የኛ ሰው ስም በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ፣ ከፊደሎቹ አናት ላይ የጥቅስ ምልክት የምትመስል ጭረት አያጣም» አለች። «ፕሮግራሙ ጭረቷን ሲያይ ጥቅስ የተከፈተ ይመስለዋል። ሌላ ጭረት እስኪያገኝ በመካከል ያለውን ሰው ሁሉ ይውጠዋል። ዶክተር፣ ሰሚሲ ይህን ያውቅ ነበር?»

«‹ጭረቷን እንደ ጥቅስ አትቁጠራት› የሚለውን ትእዛዝ የጨመረው ራሱ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ጠፍቶበት አያውቅም።»

«ትእዛዙ አሁን የለም። መቼ እንደተሰረዘ ኮምፒውተሩ መዝግቧል፤ ዝናቡ ከጀመረ ቆይቶ ነው። ሰሚሲ የወደቀው ደግሞ ከዝናቡ በፊት ነው፤ ከሥሩ ያለው መሬት ይመሰክራል። እሱ በሕይወት ሳለ ፋይሉ ጤነኛ ነበር። ሰው መጥፋት የጀመረው እሱ ከሞተ በኋላ ነው።»

ፋታይ ቀስ ብላ ወደ ማናሴ ዞረች።

«ሰዓቱ ተምታቶብኝ ይሆናል» አለ ማናሴ።

«ሰዓቱን ያመጣኸው አንተ ነህ። ጉባኤውን ጠይቄያለሁ፤ እሱ ቢቀር ተተኪው አንተ ነህ። ገፍትረህ መጣልህ አልበቃህም። ሞቶም እንኳ ሥራ አያውቅም እንዲባል ተመልሰህ ገብተህ ያስተካከለውን አበላሸህ።» ላቪኒያ ሜሌን በክንዷ ይዛ ፊቱ አቆመቻት። «እናቱ ይችው። በሕይወት ሳለ ያልነበረ ችግር ሰሚሲ እንዴት አድርጎ ነገረህ? ለኔ አይደለም ማናሴ፤ ለሷ፣ በነዚህ ሁሉ ፊት፣ ጮክ ብለህ መልስ።»