ቀይ ነጥብ ያለባት ማግኔት

አልጋው ሥር የለችም። መሳቢያው ውስጥም የለችም። ፌንጣ የጫማ ካርቶኗን ወለሉ ላይ ዘረገፈችው፤ በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ማዳመጫ፣ ሦስት ያለቁ ባትሪዎች፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ነጠላ ካልሲ። ማግኔቷ ግን የውሃ ሽታ ሆናለች።

«ቤቱን ልታፈርሽው ነው እንዴ?» አለች እናቷ ከጓዳ።

«ማግኔቴን አጣኋት! ነገ ፊዚክስ ላይ ወጥቼ የማሳየው እኔ ነኝ፤ ያለሷ ምን ብዬ እቆማለሁ?»

«ወንድምሽ ወስዷት የለ? ሂጂና ተቀበይው።»

ፌንጣ ስሟ አይደለም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ለአምስት ደቂቃ አርፋ ተቀምጣ ስለማታውቅ ታላቅ ወንድሟ ያወጣላት ቅጽል ስም ነው። አሁን እውነተኛ ስሟን የሚያስታውሰው የክፍሉ ስም መጥሪያ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማግኔቷንም ያገኘቻት አርፋ ባለመቀመጧ ነው፤ የተጣለ ድምፅ ማጉያ ፈታትታ ከሆዱ አወጣቻት። መዳፍ የምትሞላ ጥቁር ቀለበት ናት። ሰሜኗን ከደቡቧ ለመለየት ፌንጣ የእናቷን የጥፍር ቀለም ሰርቃ አንድ ቀይ ነጥብ ጠብ አድርጋባታለች። ከሁለት ሳምንት በፊት ወንድሟ «ለሥራ ትጠቅመኛለች፣ አንድ ሰሞን አውሺኝ» ሲላት ልቧ በደስታ ዘለለ። ትልቅ ሰው የእሷን ዕቃ ለቁም ነገር ሲፈልግ የመጀመሪያው ነበር። እስካሁን ግን መልሶ ካርቶኗ ውስጥ የከተተላት መስሏት ነበር።

ወንድሟ የሚሠራው ትራስና ብርድ ልብስ በሚያመርት ፋብሪካ ነው። በሰው እግር ሃያ ደቂቃ፣ በፌንጣ እግር አሥራ ሁለት።

በሩ ላይ ያሉት ዘበኛ እትዬን ጠሩላት። እትዬ ትራስ ከሚሞሉት ሴቶች ሁሉ አንጋፋዋ ናቸው፤ ወንድሟ እቤት ስማቸውን ሲያነሳ እንኳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሰላም ከማለታቸው በፊት ፌንጣን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ስካርፉን አውልቂ። ፀጉርሽን ሰብስቢ፣ ማሽን የተንጠለጠለ ነገር ይወዳል። ኪስሽ ውስጥ ክብሪት ወይ ላይተር አለ?»

«ኧረ የለም! ምን ይሠራልኛል?»

ኮፍያና የአፍ መሸፈኛ አቀበሏት። እጃቸውን ሲዘረጉ እጅጌያቸው ወደ ላይ ተሰበሰበና ክንዳቸው ላይ የተጨማደደ፣ የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ታየ። ፌንጣ ዓይኗን መንቀል አቃታት።

«ጠይቂ እንጂ፣ አፍሽ ሊፈነዳ ነው» አሉ እትዬ።

«ምን ሆነው ነው?»

«እዚህ ሁሉም ጥጥ ይለዋል እንጂ ጥጥ አይደለም። ፖሊስተር ነው፤ ዘመዱ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ጥጥ ቢቃጠል አመድ ይሆናል፣ ታራግፊዋለሽ። ይሄ ግን ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይለጠፋል። አንድ ልጅ ነበር፤ መቀስ ፍለጋ መሄዱን እየሰነፈ የማሸጊያውን ገመድ በላይተር ይበጥስ ነበር። ላይተሩን አይቼበታለሁ። ጥሩ ልጅ ስለሆነ ላሳጣው አልፈለግኩም።» የኮፍያዋን ማሰሪያ ከኋላ አጠበቁላት። «እሳቱ ሲነሣ እኔ በክንዴ ወጣሁ፤ እሱ በፊቱ። በይ ተከተይኝ፣ ቢጫው መስመር ላይ ብቻ ርገጪ።»

ውስጡ ነጭ ነው። ቧንቧው ላይ፣ አምፖሉ ላይ፣ የሠራተኞቹ ቅንድብ ላይ ሁሉ ቀጫጭን ክር ተጣብቋል። ከመስመሩ ወጣ ብላ የፈሰሰ ፖሊስተር ብትረግጥ እግሯ ሙልጭ አለ፤ እትዬ ክንዷን ያዙላት። ሚዛን ለመጠበቅ የብረቱን መደገፊያ ስትነካ ደግሞ ከፖሊስተሩ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ብልጭ አለና ጣቷን ቆነጠጣት። አንድ ጎረምሳ የአየር ቱቦ አንስቶ ልብሱን ሊነፋ ሲል እትዬ ከሩቅ ጮኹበት፦ «በብሩሽ! ያንተን ብናኝ እኛ እንድንተነፍሰው ነው?» ጎረምሳው ቱቦውን ወደ ቦታው መለሰ። እትዬም ወንድሟን በጣታቸው አመላክተዋት ወደ ትራሶቻቸው ተመለሱ።

ወንድሟ ከመጨረሻው ማሽን ዘንድ ነበር። ማበጠሪያ ይሉታል፤ ተጨምቆ የመጣውን ፖሊስተር በጥርሳም ከበሮ እየዘነጠለ የሚያለሰልስ፣ ከክፍላቸው ሰሌዳ የሚሰፋ የብረት ሣጥን ነው። ጎኑ ላይ ባለው በር በትልልቅ ፊደል «ማሽኑ ሳይቆም አይከፈትም» ተብሎ ተጽፏል። በሩ ተከፍቷል። ከበሮው ይዞራል። የወንድሟ ክንድ እስከ ክርኑ ውስጥ ነው።

ያኔ አየቻት። በበሩ ፍሬም ጠርዝ ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር ሣጥን አለች፤ እሷ ላይ ቀለበት ተለጥፏል፤ ቀለበቱ ላይ ቀይ ነጥብ አለ።

ነገሩን ለመረዳት ሦስት ሰከንድ አልፈጀባትም። በሩ ሲከፈት በሩ ላይ የተገጠመው ማግኔት ከሣጥኗ ይርቃል፤ ሣጥኗም ማሽኑን ታቆማለች። የፌንጣ ማግኔት እዚያ እስካለች ድረስ ግን ሣጥኗ በሩ የተዘጋ ይመስላታል። ማሽኑ ተታሏል፣ ያውም በእሷ ዕቃ።

«ወንድሜ!» አለች። ጩኸቷን ማሽኑ ዋጠው።

ወንድሟ ከበሮው ዘንግ ላይ የተጠመጠመውን ክር ጎተተ። ክሩ መልሶ ጎተተው። ትከሻው በሩን ገጨ፣ ጉልበቱ ታጠፈ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ በቂጡ ተቀመጠ። እጁ ባዶ ነበር። ጓንቱን ከበሮው ወስዶታል፤ ወዲያው በሌላኛው በኩል ቁርጥራጩ ከነጩ ፖሊስተር ጋር ተቀላቅሎ ብቅ አለ። የብርቱካን ልጣጭ የሚያህሉ ሰማያዊ ቁራጮች ነበሩ።

ወንድሟ ጣቶቹን አየ። ከዚያ ፌንጣን አየ። ከዚያ ሳቀ፤ ከንፈሩ ግን ነጭ ሆኖ ነበር። ተነሥቶ በሩን ዘጋና ወደ ግድግዳው ጥግ ወሰዳት።

«አየሽ? ምንም አልሆንኩም። ጓንቱ የጓደኛዬ ስለሆነ ይሰፋኛል፣ ሸርተት አለ።»

«ልክህ ቢሆን ኖሮስ?»

«አልነበረማ! አቦ አታካብጂ። ስሚ፣ ክር በተጠመጠመ ቁጥር ማሽኑን ባቆም ከበሮው እስኪያርፍ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። በቀን ሃያ ጊዜ ይጠመጠማል። አንቺ ሒሳብ ትወጃለሽ፣ አስቢው። እዚህ መብረቅ ነው የሚሉኝ፣ ታውቂያለሽ? ተቆጣጣሪው በሚቀጥለው ወር የመስመር ኃላፊ ያደርገኛል።»

«ተቆጣጣሪው ስለ ማግኔቷ ያውቃል?»

ወንድሟ ዙሪያውን አየ። «ካወቀ ያባርረኛል። እማ ደግሞ ከሰማች አለቀልኝ። ፌንጣዬ፣ በአንቺ ሞት፣ ምላስሽን ያዢልኝ። ማታ ማግኔትሽን ይዤልሽ እመጣለሁ።»

ወደ ቤት ስትመለስ መንገዱ አሥራ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ ስንት እንደፈጀ አታውቅም። በአንድ ቁጥር የሚሰፋ ጓንት። የእሱ የራሱ ጓንት ታጥቦ እቤት ገመድ ላይ ባይሰቀል ኖሮ፣ ወይም ጓደኛው ትንሽ እጅ ቢኖረው ኖሮ። ሐሳቡን ከራሷ ልታባርረው ሮጠች፤ አብሯት ሮጠ።

ምሽት ላይ እናቷ እንደ ልማዷ ወንድሟን በር ላይ አቁማ በእርጥብ ጨርቅ ክሩን ትጠርግለት ጀመር። «በግ ስትሸልት ነው የምትውለው ልጄ?» አለች እየሳቀች። እጁ ላይ ስትደርስ ሳቋ ቆመ። አውራ ጣቱ አብጦ ጥፍሩ ጠቁሯል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«በር ያዘኝ፣ እማ። ቸኩዬ ስዘጋው።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! አንተ ግን አፍሰህም አትለቅምም።» ወደ ፌንጣ ዞረች። «አንቺ እዚያው ነበርሽ። በር ነው?»

ወንድሟ አላያትም፤ ጫማውን መፍታት ጀመረ።

«አላየሁም» አለች ፌንጣ።

ውሸት ተናግራ አታውቅም ማለት አይደለም። የቤት ሥራ ሠርቻለሁ፣ ወተቱን ድመት ነው የደፋው፣ እንዲህ ያለ ነገር ስትናገር ኖራለች። ይሄኛው ግን እንደነዚያ አልረሳ አላት። እራቷን ሳትጨርስ ተነሣች፤ ቆማ ሳህን አጠበች፤ የታጠበውን ደግማ አጠበች። ማግኔቷ አልመጣችም። «ረሳኋት» አላት ወንድሟ፤ እንዳልረሳት ግን ታውቃለች።

በማግሥቱ ፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ላይ ባዶ እጇን ወጥታ ሰሌዳው ፊት ቆመች።

«ማግኔቱስ?» አለ መምህሩ።

«ሥራ ገብታለች፣ ቲቸር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጓደኛዋ ከኋላ ወንበር «ደሞዟ ስንት ነው?» ብላ ጮኸች። ሌላ ቀን ቢሆን ፌንጣ ከሁሉም በላይ ትስቅ ነበር። ያን ቀን ግን የመስኮቱን ጠርዝ ስታይ ቆየች፤ ደወሉ ሲደወል ቦርሳዋን አንጠልጥላ የወጣችው መምህሩ «መሄድ ይቻላል» ሳይል ነው።

ዘበኛው አወቁዋት፤ ኮፍያውን ራሷ ከመደርደሪያው አንሥታ አጠለቀች። የሻይ ሰዓት ስለሆነ ማሽኖቹ ሁሉ ቆመዋል። እንዲህ ዝም ሲል ቤቱ ሌላ ቦታ ይመስላል። ወንድሟ ከማበጠሪያው አጠገብ ባለ እሽግ ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይገምጣል። በሩ ከነማግኔቷ እንደተከፈተ ነው።

ፌንጣ ሄዳ ማግኔቷን ያዘች። የሙጥኝ አለች፤ ደግማ ስትጎትታት ተላቀቀች።

«ፌንጣ፣ መልሺያት።»

«የኔ ናት።»

«የሻይ ሰዓት ሊያልቅ ነው፣ ሙድ አትያዢብኝ። መልሺያት አልኩሽ!»

ደወሉ ተደወለ። ወንድሟ በንዴት አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነው። ማሽኑ ዝም። ደግሞ ተጫነው። ዝም። ጎረቤት ያለው ማሽን ተነሣ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም ተነሣ። መብረቅ ብቻ ቆሞ ቀረ። ፌንጣ የጠቆረውን አውራ ጣቱን ስታይ አንጀቷን በላት፤ እሱ ግን ዓይኖቿን እየሸሸ በሩን በእርግጫ ዘጋና ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ ተንገራገጨና ዞረ።

«ደስ አለሽ? ነገ ሌላ ማግኔት አጣለሁ ብለሽ ነው?»

«አታጣም» አለች ፌንጣ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሲል ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። «አንተ ንገረው። እኔ ልንገረው ወይስ አንተ?»

«ለማን?»

በአገጯ ወደ ተቆጣጣሪው ክፍል አመለከተች። የመስታወት ክፍል ነው፤ ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ፣ ከመውጫው በር ተቃራኒ።

ወንድሟ ዳቦውን አስቀመጠ። አሁን አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «ሥራዬን ነው የምትወስጂው» አላት። «ይገባሻል? ዓመት ሙሉ የገነባሁትን ስም ነው የምትወስጂው። እህቴ ነሽ እኮ።»

«እህትህ ስለሆንኩ ነው» ልትለው ፈለገች፤ ቃሉ ግን ከእንባዋ ጋር ተደባለቀባት። ስለዚህ ዞራ ሄደች።

ቢጫውን መስመር ተከትላ ሄደች። አንድ እግር፣ ሌላ እግር፤ በሕይወቷ ቀስ ብላ የሄደችበት ቀን ቢኖር ይህ ነው። እትዬ ከትራሶቹ መሐል ቀና ብለው መጀመሪያ ፊቷን፣ ቀጥለው እጇ ላይ ያለውን ቀለበት አዩ። የሚሞሉትን ትራስ አስቀምጠው ብቻ ቆሙ።

የመስታወቱ በር ላይ ስትደርስ ወደ ኋላ ዞረች። ወንድሟ በተዘጋው በር አጠገብ ቆሞ ያያታል። እጁን ወደ ላይ አነሣ፤ ተመለሽ ማለቱ ይሁን ሌላ፣ ከዚያ ርቀት አይለይም። ማሽኑ እየጮኸ ስለሆነ የሚለውም አይሰማም።

ፌንጣ ጣቶቹን ቆጠረች። አምስት ናቸው።

ከዚያ ወደ በሩ ዞራ አንኳኳች።