አንድ ስንዝር ስፌት

እመቤት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወገዳ ውስጥ፣ የስፌት ክፍሏ ወለል ላይ ሞታ ተገኘች። ከጆሮዋ በስተኋላ በከሰል ካውያ ተመትታለች። ካውያው አጠገቧ ወድቋል። የስፌት ማሽኑ መብራት በርቷል። መርፌው ሥር ለደብሩ የምታዘጋጀው ነጭ መጋረጃ ነበር፤ ጠርዙ አንድ ስንዝር ያህል ተሰፍቶ ቆሟል።

ኢንስፔክተር ማሩ እሑድ ረፋድ ላይ ከደብረ ታቦር ሲደርስ፣ የወገዳው ፖሊስ ሳጅን እንየው ጉዳዩን በእሱ ሐሳብ ጨርሶት ነበር። እመቤት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት ጌጤ ታስራለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ከአሳዳጊዋ ጋር በዚያው ማሽን ትሰፋለች። ቀብሩ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው፤ እሷ ግን አትሄድም፤ ሰኞ ጠዋት ወደ ደብረ ታቦር ትላካለች።

የሳጅኑ ሐሳብ ቀላል ነው። በዚያ ሳምንት መብራት በፈረቃ ስለነበር ወገዳ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይበራም። ማሽኑ ደግሞ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። እመቤት ያን ስንዝር ከሰፋች፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሕይወት ነበረች ማለት ነው። ከዘጠኝ በኋላ ቤት የነበረችው ጌጤ ብቻ ናት።

«ደግሞ አላለቀሰችም» አለ እንየው። «ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥታ ‹እቴቴ ሞታለች› አለችን። የጤፍ ዋጋ የምትነግረን ነበር የምትመስለው።»

«ያላለቀሰውን ሁሉ ካሰርህ ጣቢያው አይበቃህም።»

ጌጤ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። የተጠየቀችውን ብቻ ትመልሳለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከወፍጮ እንደተመለሰች፣ መብራቱን በመስኮት አይታ እቴቴ እየሰፋች እንደመሰላት፣ ከዚያም ጓሮ ልብስ ስታጥብ እንደቆየች ተናገረች።

«የማሽኑን ድምፅ ሰማሽ?» አላት ማሩ።

ጥቂት አሰበች። «አልሰማሁም።»

እንየው ሳቅ አለ። «ውሸት እንኳ አትችልበትም።»

ማሩ አልሳቀም። ውሸታም ብትሆን ኖሮ «ሰማሁ» ማለት ይበጃት ነበር።

ወደ ስፌት ክፍሉ ሄዶ ብቻውን ቆመ። በማሽኑ አናት ላይ ለትንሽ ክር የተሠራች አጭር ዘንግ አለች። አሁን የተሰካባት ግን ትልቅ የክር ጥቅል ነው፤ ታቹ ሰፊ፣ ላዩ ጠባብ፣ እንደ ጎጆ ክዳን ያለ። ለዘንጓ ከብዷት ዘንበል ብሏል። ከጠረጴዛው ኋላ ወለሉ ላይ ባዶ ጣሳ አገኘ፤ ውስጡ የነጭ ክር ብናኝ አለ። ከጣሳው በላይ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተያዘ የሽቦ ቀለበት ነበር። ማሩ ጣቱን አስገብቶ ዳሰሰው። ክር ሲመላለስበት የቦረቦረው ቀጭን ፈር ተሰማው።

ክሩን የሸጠችው ሀቢባ ናት፤ ሱቋ ገበያው ዳር ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ለእመቤት ወስዳ እንደሰጠቻት ነገረችው። የበፊቱ ጥቅል አልቆ ማሽኑ ላይ ምንም ክር አልነበረም። እመቤትም መብራት ሲመጣ እጀምራለሁ ብላታለች፤ ሰኞ ቤቱን በጌጤ ስም ልታዛውር ቀጠሮ እንዳላትም አጫውታታለች። ማሩ ስለ ጣሳው ጠየቃት።

«ይኼ የፋብሪካ ክር ነው፣ ለቤት ማሽን ይከብዳል» አለች። «ጣሳ ውስጥ ይቆማል፤ ክሩ ሽቅብ በቀለበቱ ያልፍና ወደ ማሽኑ ይወርዳል። ሁለት ዓመት ሆነው፣ እኔ ነኝ ያሳየኋቸው። ጌጤማ ዓይኗን ጨፍናም ታደርገዋለች።»

ማሩ የጠየቀው የመጨረሻው ሰው የእመቤት ሟች ባል ወንድም፣ የእህል ነጋዴው ንጋቱ ነበር። ለቅሶ ቤት ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት እስከ ማታ ደብሩ ግቢ ሽምግልና ላይ እንደነበረ ሠላሳ ሰው ይመሰክርለታል። ከዚያ በፊት ገበያ ነበርኩ አለ። ማሩ ስፌት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው።

«እኔ ነኝ እሷንም ወንድሜንም ያስተማርኳቸው፣ ልጄ» አለ ንጋቱ። «በእጅ በሚዞር መኪና ዐሥር ዓመት ሰፍቻለሁ። ያኔ ክር ትንሽ ነው፣ በኪስ ይያዝ ነበር። ዓይኔ ሲደክም ተውኩት።»

ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ መብራት መጣ። ማሩ ሁሉንም በስፌት ክፍሉ ሰበሰበ። ጌጤን እንየው ክንዷን ይዞ አመጣት። የደብሩ ቄስ ገብረ ሕይወትም ለፍትሐቱ መጥተው ነበርና በሩ ላይ ቆሙ። ማሩ መጋረጃውን ፈቀቅ አድርጎ በምትኩ ቁራጭ ጨርቅ አስገባ፤ ጥቅሉን ከዘንጓ አልነካውም። ፔዳሉን ረገጠ። ማሽኑ ጮኸ፤ አራት ጊዜ ወግቶ ክሩ ተበጠሰ። ክሩን መልሶ አስገብቶ ሞከረ፤ አሁንም ተበጠሰ። ሦስተኛ ጊዜ ፔዳሉን ትቶ የጎኑን መንኮራኩር በእጁ ቀስ እያደረገ አዞረ። ያለ ችግር ሰፋ።

«ከባድ ጥቅል ዘንግ ላይ ሲሆን፣ ሞተሩ ክሩን ሲስበው አይታዘዝም» አለ። «ስለዚህ ያ ስንዝር በመብራት አልተሰፋም፤ በእጅ ነው የተሰፋው። በእጅ ከሆነ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓትን መጠበቅ አያስፈልግም። ገዳዩ ክሩን አስገባ፣ ስንዝር ሰፋ፣ ማብሪያውን ከፍቶ ሄደ። ፈረቃው ሲደርስ መብራቱ ራሱ በራ። ጌጤ ድምፅ ያልሰማችው ድምፅ ስላልነበረ ነው።»

እንየው የጌጤን ክንድ ለቀቀ።

«ስፌት የማያውቅ ሰው ይህን ክር መርፌው ድረስ አያደርሰውም። የዛሬውን አሠራር የሚያውቅ ደግሞ ጥቅሉን ዘንግ ላይ አይሰካውም፤ ጌጤም ሀቢባም ጣሳውን ያውቁታል። ይልቁንም ጌጤ ብትሆን፣ ሰዓቱን ወደ ራሷ ለምን ትገፋዋለች? የቀረው ድሮ ሰፍቶ የተወ፣ ከዘጠኝ በኋላ ሰው መሐል መታየት የፈለገ ሰው ነው። ሰኞ እመቤት ይህን ቤት በጌጤ ስም ልታዛውር ቀጠሮ ይዛ ነበር። የወንድምዎ ቤት ነበር፣ አቶ ንጋቱ።»

ንጋቱ ጥቅሉን አየው። ከዚያ ወለሉ ላይ ያለውን ጣሳ፣ ከዚያ ቀለበቱን አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያያቸው ይመስላል።

«እኛ ዘንግ ላይ ነበር የምንሰካው» አለ በቀስታ።

እንየው ይዞት ወጣ።

ጌጤ ቀብሩ ላይ ደረሰች። እዚያም አላለቀሰችም፤ ሴቶቹ አይተው ተያዩ።

ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሩ ለመሰናበት መጣ። የተሰፋውን ስንዝር ለማስረጃ እንደሚፈልገው ለጌጤ ነገራት። እሷም መቀሱን አንስታ መጋረጃውን ከዳር እስከ ዳር፣ ከስፌቱ በላይ ቀጥ አድርጋ ቆረጠችና ቁራጩን አጥፋ ሰጠችው። ከዚያ ጥቅሉን ከዘንጓ አውርዳ ጣሳው ውስጥ አቆመችው። ክሩን በቀለበቱ አሳለፈች፤ እጇ ሳይፈልግ አገኘው።

መጋረጃውን ሊወስዱ የመጡት ቄስ ገብረ ሕይወት በክንዳቸው ለኩት።

«ልጄ፣ አጠረ እኮ።»

«አዎ አባ» አለች ጌጤ። «አጠረ።»

አዲሱን ጠርዝ አጥፋ ፔዳሉን ረገጠች። ድምፁ እስከ ጓሮ ተሰማ።