ከበረዶው ሥር የጠራኝ ድምፅ

እኔ ጂን ምናምን የሚባል ነገር ሲወራ ከመሀል ተነስቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ እመኑኝ፣ አንድ ቀን እኔው ራሴ እንዲህ ዓይነት ወሬ አወራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ባለፈው ክረምት ነው፣ የጀርመኑን ክረምት ማለቴ ነው፣ ብርዱ ከርሮ ውሃው ሁሉ በረዶ ሲሆን ጋሽ መርዕድ ደወሉልኝ። ጋሽ መርዕድ ዚንድሊንገን የሚባለው ሰፈራቸው ባለው ኬሚካል ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ እዚህ አገር ስመጣ እንደ አባት የተቀበሉኝ ሰው ናቸው፣ ዓሣ ማጥመድ ደግሞ ነፍሳቸው ነው። አንድ ጀርመን ወዳጃቸው ከከተማው ወጣ ብሎ የግሉ የሆነ ትንሽ ሐይቅ አለው፣ በረዶውን በስተን እናጥምድ አሉኝ። እኔ ኤርፖርት ሻንጣ ስጭን የምውል ሰው፣ መንጠቆ ይዤ አላውቅም፣ ግን ያን ቀን ከሥራ ፍራይ ስለነበርኩ እሺ አልኩ።

ስንደርስ ቀትር ላይ ነው፣ ጉሙ ግን ማዶውን አያሳይም። በረዶው ላይ ለመውጣት ሳመነታ እሳቸው በእግራቸው መታ መታ አድርገው ዝሆንም ይሸከማል አሉኝ፣ በእጅ መሰርሰሪያ ቀዳዳ አወጡና ክሩን አስጨበጡኝ። በረዶው አልፎ አልፎ ያቃስታል፣ ብርዱ ሲያጠብቀው ነው አትፍራ አሉኝ፣ አመንኳቸው። ትንሽ ቆይተው ፔርሙዙን መኪና ውስጥ ረሳሁት ብለው ሄዱ፣ ኮቴያቸውም እየራቀ ጉሙ ውስጥ ጠፋ።

ያኔ ማቃሰቱ ቀጥ አለ። ቀዳዳው ውስጥ ያለው ውሃ እንደሚተነፍስ ሰው ደረት ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ፣ ነፋስ የለም፣ ክሩንም የነካው የለም። ጎንበስ ስል «ሰሎሞን» ሲል ሰማሁ። የጋሽ መርዕድ ድምፅ ነው፣ ረጋ ያለ፣ ያቺ የጉሮሯቸው መሻከር እንኳ ሳትቀር። አቤት ጋሼ ብዬ ወደ መኪናው ዞርኩ፣ ማንም የለም። «ሰሎሞን» አለ እንደገና፣ ድምፁ ከእግሬ ሥር ነው።

ጋሽ መርዕድ ከጉሙ ሲወጡ እንደደነዘዝኩ አገኙኝ። ጠርተውኝ ነበር ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«አቤት አልክ?»

«አዎ፣ እርስዎ መስለውኝ።»

ክሩን በሴንጢ ቆርጠው ጣሉት፣ መሰርሰሪያውን እዚያው ትተን ወጣን፣ ኒድ የሚባለው ሰፈር እስካለው ቤቴ ደጃፍ ድረስ በመኪናቸው አደረሱኝ። ልወርድ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ስማኝ ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ በስምህ አልጠራህም። በኔ ድምፅ ስምህን የሚጠራ ከሰማህ እኔ አይደለሁም፣ እንዳትመልስ።»

እውነትም ከዚያ ወዲህ ስሜ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። እኔም ወራት ሲያልፉ፣ ሽማግሌ ደንግጦ ያለው ነው እያልኩ ረስቼው ነበር። ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን፣ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳልኩ፣ ከደረጃው በኩል በጋሽ መርዕድ ድምፅ «ሰሎሞን» ሲባል ሰማሁ። እንዳሉኝ አልመለስኩም። ስልኩን አንስቼ ደወልኩላቸው፣ ዚንድሊንገን ቤታቸው ናቸው፣ ከእንቅልፍ ነው የቀሰቀስኳቸው። ምነው ልጄ ሲሉኝ ገና ሳልመልስላቸው፣ ባለቤቴ እጇን በፎጣ እየጠራረገች ከማድ ቤት ወጥታ ወደ በሩ ስትሄድ አየኋት።

«ጋሽ መርዕድ ሲጠሩህ አትሰማም እንዴ?» አለችኝ። «እኔማ አቤት ብያቸዋለሁ።»